ይድረስ ስለ ድሮ ፊልም ለምታወሩልን ሁሉ፦ ኮሊን ሙርስ?

ለፊልም ተራኪ ቻናሎቻችን፣ ለፊልም ገጽ አድሚኖች፣ ድሮ ፊልም ለሚወድ ሰው ሁሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን።

ይሄን ደብዳቤ ለያንዳንዳችሁ በኢንቦክስ መላክ ይቻል ነበር፣ ግን ጉዳዩ የአንድ ቻናል ብቻ ስላልሆነ ሁሉም ሰው ቢያየው ይሻላል ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ድምፅ አልባ ፊልም ሲነሳ እኛ ጋ የሚጠሩት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ቻርሊ ቻፕሊን አለ፣ ባስተር ኪተን አለ፣ ሴት ከተባለ ደግሞ ያቺ አጭር ጥቁር ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ቀጥ ብሎ የተከረከመው የሉዊዝ ብሩክስ ፎቶ ይለጠፍና "የ1920ዎቹ ሴት ማለት ይቺ ነበረች" ይባላል። ሉዊዝ ብሩክስን በጣም ነው የምወዳት፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ግን ያንን ጸጉር ይዛ ስክሪን ላይ ወጥታ አሜሪካንን መጀመሪያ ያነቃነቀችው እሷ አይደለችም። ብሩክስ ፊልም የጀመረችው 1925 ነው፣ በ1923 ግን ሌላ ልጅ ጸጉሯን ተቆርጣ አንድ ፊልም ሠርታ የሀገሩ ሴት ሁሉ እሷን ለመምሰል መቀስ ፍለጋ ሄዶ ነበር።

ያቺ ልጅ ኮሊን ሙር ትባላለች። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲኒማ ቤት በመሙላት ከሆሊውድ ሴቶች ቁንጮ ላይ ከነበሩት አንዷ ነች፣ ክፍያዋም በሳምንት 12,500 ዶላር ደርሶ ነበር፣ በሳምንት ነው ያልኩት፣ ያውም በዛን ጊዜ ዶላር። ዛሬ ስሟን ብትጠሩ ፊልም አዋቂ ነኝ የሚለው ሰው ራሱ "ማን?" ይላል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ሰው የሚረሳው ችሎታው አንሶ፣ ጊዜ አጣርቶ ጥሎት ይመስለናል፣ እሷ ላይ ግን የሆነው እንደዛ አይደለም፣ ፊልሞቿ ናቸው የጠፉት። ማየት የማይቻለውን ሰው ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? እኔ በዚህ ደብዳቤ የምለው ይሄንኑ ነው፣ ከተረፈው ብቻ ተነስተን "ታላላቆቹ እነዚህ ነበሩ" አንበል፣ ስናወራ የጠፋውንም እንቁጠር።

እስቲ ከመጀመሪያው ላውራ። እውነተኛ ስሟ ካትሊን ሞሪሰን ነው፣ የተወለደችው 1899 ሚሺጋን ውስጥ ፖርት ሂውረን በምትባል ከተማ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አክተር መሆን ነበር ህልሟ። ዕድሏ ሆኖ አጎቷ ዋልተር ሃዊ የቺካጎ ትልቅ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፣ ዲ ደብሊው ግሪፊዝ የሚባለው ያኔ የሆሊውድ ዋናው ዳይሬክተር ደግሞ ፊልሞቹ በቺካጎ ሳንሱር እንዲያልፉለት የዚህ ሰውዬ እገዛ ነበረበት። ውለታ ነበረበት ማለት ነው። አጎትየው ውለታውን የጠየቀው ለሚስቱ እህት ልጅ ነው፣ "አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሥራ ስጣት።" ስሟንም የቀየሩላት ያኔ ነው፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ባለው መብራት ሰሌዳ እንዲበቃ አጠር መደረግ ነበረበት።

አንድ ችግር ነበር። የኮሊን ሙር ዓይኖች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ቡናማ አንዱ ሰማያዊ። ካሜራው ቀርቦ ፊቷን ሲወስድ ይሄ ልዩነት ጎልቶ ይታይ ይሆን ወይ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፣ ስለዚህ ገና ሆሊውድ ሳትሄድ ዓይኗን ለማየት ብቻ የሙከራ ቀረጻ ተደረገላት። አለፈች። አያቷ አብረዋት ሄደው እየጠበቋት ካሊፎርኒያ ገባች፣ 1917 ላይ ፊልም ጀመረች። ከዛ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው፣ ትናንሽ ስቱዲዮ ሠራች፣ ካውቦይ ፊልም ላይ ከቶም ሚክስ ጋር ሠራች፣ አጫጭር ኮሜዲ ከሚያመርት ስቱዲዮም ገብታ ሰው ማሳቅን በሥራ ላይ ተማረች። ይሄ የኮሜዲ ትምህርት ነው በኋላ የጠቀማት፣ ቆንጆ ልጅ ሆሊውድ ሞልቷል፣ ታይሚንግ ያላት ግን ጥቂት ነች።

ከዛ 1923 መጣ። ፈርስት ናሽናል የሚባለው ስቱዲዮ "ፍሌሚንግ ዩዝ" የሚል ፊልም ሊሠራ ነው፣ ታሪኩ ስለ ፍላፐሮች ነው፣ ፍላፐር የሚሏቸው ያኔ ቀሚሳቸውን አሳጥረው፣ ኮርሴቱን ጥለው፣ ጃዝ እየጨፈሩ የሚያመሹትን የከተማ ልጆች ነው። ኮሊን እስከዛ ድረስ የምትታወቀው ረጅም ጸጉር ባላት ጨዋ የገጠር ልጅ ገጸ ባህሪ ስለነበር ማንም ለዚህ አያስባትም። እናቷ መቀስ አንስተው ጸጉሯን ቆረጡላት። ሮሉን አገኘች፣ ፊልሙም ወጣ፣ ከዛ በኋላ የሆነው ሆነ። ያንን ትውልድ በጽሑፍ ያሳወቀው ደራሲ ስኮት ፊትዝጄራልድ ራሱ ስለዚህ ሲናገር እሳቱን የጫርኩት እኔ ብሆን ችቦዋ ኮሊን ሙር ነበረች ብሏል። ይሄ ሰው እንግዲህ ስለ ጃዝ ዘመን ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ነው። እሱ ችቦ ያላትን ሴት ነው እኛ የማናውቃት።

እና "ፍሌሚንግ ዩዝ"ን ልይ ብትሉ አታዩትም። የለም። ከሙሉ ፊልሙ የተረፈው አንድ ሪል፣ አንድ ጥቅል ማለት ነው፣ አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ያንን ዘመን የለኮሰው ፊልም አስር ደቂቃ ብቻ። በቀጣዩ ዓመት "ሶ ቢግ" በሚል የኤድና ፈርበር ልብወለድ ላይ ተመሥርቶ በተሠራው ፊልም ላይ ከወጣትነት እስከ እርጅና ያለችውን ሴት ተጫውታ ነበር፣ ድራማ መሥራት እንደምትችል ያሳየችበት እሱ ነው፣ እሱም ጠፍቷል። 1925 ላይ የወጣው "ሳሊ"ም የለም። እስቲ አስቡት፣ ከአንድ አክተር ሥራ መሃል መሃሉን ቆርጠህ አውጥተህ "በቀረው ፍረዱላት" ሲባል።

በቀረውም ቢሆን ግን እመኑኝ ታሸንፋለች። "ኤላ ሲንደርስ"ን እዩልኝ፣ 1926 ነው የወጣው። የእንጀራ እናቷ ቤት ውስጥ እንደ ገረድ የምትሠራ ልጅ ነች፣ ያሸነፈችው ሆሊውድ ትሄዳለች የሚባል የቁንጅና ውድድር ይመጣል። ኤላ አክቲንግ የሚያስተምር መጽሐፍ አግኝታ ማታ ተደብቃ ትለማመዳለች፣ መጽሐፉ ስለ ዓይን እንቅስቃሴ የሚል ምዕራፍ አለው። እዚህ ጋ ካሜራው ይጠጋታል። ሁለቱን ዓይኗን ወደ ጎን ትመልሳለች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ከዛ አንዱ ዓይን ቆሞ ሌላው ብቻውን መዞር ይጀምራል። በየፊናቸው ይሄዳሉ! ፊቷ ግን እንደ ጎበዝ ተማሪ ኮስተር ብሏል፣ ሥራዬ ብላ ነው የምትለማመደው። የተሠራው በካሜራ ትሪክ ነው፣ የፊቷን ግማሽ ግማሽ ለየብቻ ቀርጸው ነው ያገናኙት፣ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን። በዛ ላይ ያ ሁለት ዓይነት ዓይን ካሜራ ላይ ችግር ያመጣል ተብሎ የተፈራው ነበር እኮ፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የፊልሙ ሲን የዓይኗ ሲን ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ፎቶ ልትነሳ ሄዳ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ታርፍባታለች፣ ዝንቧን እፍ ለማለት ዓይኗ ተጣሞ ፊቷ ተጨማዶ ፎቶው ያኔ ይነሳል፣ ዳኞቹ ጋ የሚሄደውም ያ ፎቶ ነው። ያሸነፈችውም በሱ ነው። ቁንጅና ሁሉም አለው፣ ማሳቅ ግን ከባድ ነው ብለው።

ሌላው "ዋይ ቢ ጉድ" ነው፣ 1929። እዚህ ላይ ትልቅ መደብር ውስጥ የምትሠራ፣ ማታ ማታ የምትጨፍር ልጅ ነች፣ የመደብሩ ባለቤት ልጅ ይወዳታል፣ አባትየው ግን "እንዲህ ያለች ልጅ ጨዋ አይደለችም" ይላል። ልጁ ጨዋነቷን ሊፈትናት ይሞክራል። እሷ ይሄን ስታውቅ የምትሰጠው መልስ ዛሬም ይሠራል፣ እናንተ ወንዶች ሴቷ እንዲህ ሁኚ ትላላችሁ፣ ስትሆንላችሁ ደግሞ ለምን ሆንሽ ብላችሁ ትሰድባላችሁ ነው ነገሩ ባጭሩ። ንግግሩ አይሰማም፣ በመሃል በሚገባ የጽሑፍ ካርድ ነው የሚነበበው፣ ግን ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ካርዱን አያስፈልገውም። ይሄን ሲን ቆርጣችሁ አማርኛ ጽሑፍ ብታስገቡበት ስንት ሰው ሼር እንደሚያደርገው ይታየኛል። ፊልሙ ላይ በኋላ ትልቅ ኮከብ የሆነችው፣ ያኔ ገና ያልታወቀችው ጂን ሃርሎም ከኋላ ብቅ ትላለች፣ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ፈልጓት።

ድምፅ ሲመጣ ሁለት የድምፅ ፊልም በ1929 ሠራች፣ ሁለቱም ምስላቸው ጠፍቷል። አራት ዓመት አርፋ በ1933 ከስፔንሰር ትሬሲ ጋር "ዘ ፓወር ኤንድ ዘ ግሎሪ"ን ሠራች፣ ይሄ አለ፣ ድራማ ላይ ምን ያህል ከባድ እንደነበረች የሚያሳይ ነው። 1934 ላይ አቆመች። በቃ ብላ ነው የሄደችው። በኋላ አክሲዮን ላይ ጎበዝ ሆና ሴቶች እንዴት ኢንቨስት እንደሚያደርጉ መጽሐፍ ጽፋለች፣ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ ውስጥ ነበረች። ያረፈችው 1988 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም ልምጣ። ኮሊን ሙር ፊልሞቿን ጥላ የተወች ሰው አይደለችም። የራሷ ኮፒዎች ነበሯት፣ ይቀመጡልኝ ብላ ኒውዮርክ ላለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሰጠች። ከዚህ በላይ አንድ አክተር ምን ያደርጋል? ከጊዜ በኋላ ፈርስት ናሽናልን የጠቀለለው ዋርነር ስቱዲዮ የራሱን የድሮ ፊልሞች ይመለሱልኝ ሲል የሷም አብረው ተጭነው ሄዱ። ዋርነር ጋ የተቀበላቸው ሰውዬ የሷን ዝርዝሩ ላይ ስላላገኛቸው ለጊዜው ወደ ጎን አደረጋቸው። ማንም ተመልሶ አላያቸውም። ዓመታት አልፈው እሷ ራሷ "ፊልሞቼስ?" ብላ ስትጠይቅ ነው የተፈለጉት፣ ሲከፈቱ አልቆላቸዋል።

አልቆላቸዋል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፊልም ጠፋ ሲባል የሆነ ሰው የሰረቀው ወይም የተቃጠለ ብቻ ይመስለዋል። ያኔ የነበረው ፊልም ናይትሬት ነው፣ በጣም ተቀጣጣይ ነው፣ አንዴ ከተነሳ ውሃ ውስጥ ብትከተው ራሱ መንደዱን አያቆምም። ሳይነድ ሲቀርም ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ምስሉ እየገረጣ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ጥቅሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል፣ አረፋ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮውን ስትከፍት የምታገኘው ቡናማ ዱቄት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠና በየጊዜው ሰው ከፍቶ ካላየው፣ ከመበላሸቱ በፊትም ካልተገለበጠ ይሄ ነው ዕጣው። ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው ድምፅ ከመጣ በኋላ ድሮውን እንደ ቆሻሻ ነው ያዩት፣ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ለማውጣት ሲሉ ያስቀለጡትም ብዙ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ከሠራቻቸው ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እኛ "የድምፅ አልባ ዘመን" ብለን የምናወራው ከዛ ከትንሿ ቁራሽ ተነስተን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌ ያሳዝነኛል። ኮሊን ሙር በ1928 ጀምራ በ1935 ያስጨረሰችው የአሻንጉሊት ቤት አላት፣ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው፣ ኤሌክትሪክ የተዘረጋለት፣ ቻንደሊዩሩ ላይ ከራሷ ጌጥ የተነቀለ እውነተኛ አልማዝ ያለበት። በዛ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን በየከተማው አዙራ እያሳየች ለሕጻናት ብዙ ገንዘብ አሰባስባበታለች። ከ1949 ጀምሮ ቺካጎ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ውስጥ ነው፣ እስከ ዛሬ ይጠበቃል፣ ይጸዳል፣ ይጠገናል፣ ትውልድ በትውልድ ልጆች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ያዩታል። ይሄ መሆኑ ደስ ይለኛል። ግን ያን ያህል ጥንቃቄ ለአሻንጉሊት ቤቷ ሲደረግ እሷን ታዋቂ ያደረጋት ሥራ ግን ወደ ጎን ተደርጎ በሰበሰ። አንዱን የሚንከባከብ ሰው ተመድቦ ነበር፣ ለሌላው አልተመደበም፣ ልዩነቱ ይሄው ነው።

ተስፋ የለም ማለቴ ግን አይደለም፣ ኧረ አለ። "ኸር ዋይልድ ኦት" የሚባለው የ1927 ፊልሟ ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ ፕራግ፣ ቼክ ፊልም ማኅደር ውስጥ ተገኘ፣ ርዕሱም ጽሑፉም በቼክኛ ሆኖ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ታደሰ። "ዋይ ቢ ጉድ"ም እንደዚሁ ለዓመታት የለም ተብሎ ነበር፣ ምስሉ ጣሊያን ሚላን ተገኘ፣ ሙዚቃው ያኔ ለብቻው ዲስክ ላይ ነበር የሚቀዳው፣ ዲስኩና ምስሉ ተገናኝተው 2014 ላይ ታድሶ ወጣ። እሷ ይሄን ሳታይ ነው የሞተችው። የተገኙትም በዕድል ብቻ አይደለም፣ ስሟን የሚያውቅ፣ "ይሄ የማን ፊልም ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው። ስሟ ከተረሳ ግን ቆርቆሮው እጁ ላይ ያለ ሰው እንኳን ምን እንደያዘ አያውቅም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ስለ ኮሊን ሙር አንድ ቪዲዮ ሥሩ፣ ረጅምም ይሁን አጭር። "ኤላ ሲንደርስ" የ1926 ፊልም ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ የኮፒራይት ጊዜው አልፏል፣ ምስሉን ቆርጣችሁ ብትጠቀሙ ችግር የለም፣ ብቻ አዲስ ሙዚቃ የተሠራለት ኮፒ ከሆነ ሙዚቃው የራሱ ባለቤት ሊኖረው ስለሚችል ድምፁን አጥፍታችሁ በራሳችሁ ትረካ ሸፍኑት፣ ለትረካ ደግሞ ከድምፅ አልባ ፊልም የተሻለ ምን አለ? የ1920ዎቹን ሴት ፎቶ ስትለጥፉ የሷንም ጨምሩ። "ምርጥ አስር ድምፅ አልባ ፊልሞች" ስትሉ ደግሞ በናታችሁ "ካሉት ውስጥ" የምትል ቃል ጨምሩበት፣ ተመልካቹ የጠፋ ነገር መኖሩን ይወቅ። ቺካጎ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ያንን ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ ስታሳዩዋቸውም ባለቤቷ ማን እንደነበረች ንገሯቸው። ጣሊያን ያላችሁ ፖርደኖኔ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ድምፅ አልባ ፊልም ብቻ የሚያሳይ ፌስቲቫል አለ፣ በቀጥታ ሙዚቃ ነው የሚታየው፣ አንዴ ገብታችሁ ብታዩ አትጸጸቱም።

ይሄን የሚያነብ የኛው ፊልም ፕሮዲውሰር ወይም ዳይሬክተር ካለም አንድ ነገር ልበል፣ ከርዕሴ ብወጣም። ያኔ በቪኤችኤስና በቪሲዲ ገዝተን ያየናቸው አማርኛ ፊልሞች ኦሪጅናላቸው የት ነው? ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ሃርድ ዲስኩ የሆነ ስቱዲዮ ሼልፍ ላይ ከሆነ ዛሬ አውጡትና ሞክሩት፣ የሚከፈት ከሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ገልብጡት። ሃርድ ዲስክም ተቀምጦ ይሞታል። "አስቀምጬዋለሁ" ማለት ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ከሷ በላይ የሚያሳይ ሰው የለም።

ቪዲዮውን የሚሠራ ቻናል ካለ ሊንኩን እዚሁ ከሥር ያስቀምጥልን፣ እኔ ትርጉም ላይም፣ የጽሑፍ ካርዶቹን አማርኛ ማድረግ ላይም ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የድሮ ፊልም ወዳጃችሁ